መብራት ሲሄድ ኔትወርኩ ስንት ሰዓት ይቆያል?

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ግቢያችን ውስጥ ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። ጋቢ የደረበ አለ፣ ልጅ ያቀፈች አለች። አንዱ ጎረቤታችን የወጣው በአንድ እግሩ ብቻ ነጠላ ጫማ አጥልቆ ነው። የመሬት መንቀጥቀጡ መነሻ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነበር፤ በሬክተር ስኬል 6 ተለካ። እኛ አዳማ ላይ ያገኘን ንዝረቱ ብቻ ነው። ቁም ሳጥን ተንቀጠቀጠ፣ ብርጭቆ ተንጫጫ፣ አለቀ። ግን ሁሉም ሰው እጅ ላይ ስልክ ነበር። ሁሉም ይደውላል።

እኔ የምፈልገው መተሐራ ያለችውን አክስቴን ነው። አንዴ ሞከርኩ፣ አልገባም። ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ያው ነው። በአራተኛው ገባልኝ። እሷም ሜዳ ላይ ናት። “ደህና ነን ልጄ፣ እናንተስ?” አለችኝ። እዚያ ላይ ተቋረጠ። እኔ ግን የምፈልገውን ሰምቻለሁ።

ያን ሌሊት ምናልባት ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም። አንድ የስልክ አንቴና በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ጥሪ የተወሰነ ነው። ኔትወርክ የሚዘረጋው ከመቶ ደንበኛ በአንድ ቅጽበት የሚደውለው ጥቂቱ ነው በሚል ስሌት ነው። የአዳማን ባጃጅ አስቡት። አዘቦት ቀን ይበቃናል። የከተማው ሰው ሁሉ በአንድ ደቂቃ “ባጃጅ!” ብሎ ቢጠራ ግን ያው በእግር ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሰዓት ከመደወል “ደህና ነን” ብሎ አጭር መልእክት መላክ ይሻላል። ጽሑፍ ቦታ እስኪያገኝ ወረፋ ይጠብቃል። ጥሪ ቦታ ካጣ ይጠፋል፤ ሰውየው ደግሞ መልሶ ይደውላል፤ መጨናነቁም ይብሳል።

መጨናነቅ ግን ቀላሉ ችግር ነው። ለግማሽ ሰዓት ያስጨንቃል፣ ከዚያ ይለቃል። ከባዱ ችግር የመብራት ነው።

በየሰፈራችን የቆመው የቴሌ ማማ ከሥሩ ሳጥን አለው። ሳጥኑ ውስጥ ባትሪዎች ተደርድረዋል። መብራት ሲኖር ማማው በመብራት ይሠራል፣ ባትሪውም ይሞላል። መብራት ሲሄድ ባትሪው ይረከባል። አንዳንዱ ማማ ጄኔሬተር አለው፣ አንዳንዱ ሶላር፣ አንዳንዱ ባትሪ ብቻ። ባትሪው አዲስ ከሆነ ሰዓታት ይቆያል። ካረጀ፣ ወይም ቶሎ ቶሎ በሚጠፋ መብራት ሞልቶ ሳይጨርስ እየተራገፈ ከኖረ፣ ቶሎ ይደክማል። ከአሮጌ ስልካችሁ ባትሪ አይለይም።

አወዳደቁ ደግሞ ቀስ እያለ ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ። መጀመሪያ ዳታው ይዘገያል። ኃይል ለመቆጠብ ሲባል አራተኛው ትውልድ (4ጂ) ሊዘጋና ድምፁ ብቻ ሊቀር ይችላል። ከዚያ እሱም ይሄዳል። የቀሩት ማማዎች ደግሞ የጎረቤቶቻቸውን ሰው ስለሚሸከሙ ይጨናነቃሉ። ስለዚህ መብራት ከጠፋ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስልክህ መሥራቱ ብዙ አያጽናናም። ጥያቄው ከስድስት ሰዓት በኋላስ የሚለው ነው። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ስፔንና ፖርቱጋል መብራታቸው በአንድ እኩለ ቀን ድርግም ሲል ያዩት ይኸንኑ ነው። ስልኩ ወዲያው አልሞተም። የማማዎቹ ባትሪ እያለቀ ሲሄድ፣ ከሰዓት በኋላ ነው እየሞተ የሄደው።

የአዳማ ሰው እዚህ ላይ የሚያነሳው ጥያቄ አለ። “እነዚያ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትስ?” ይላል። እውነት ነው፣ ከተማችን አጠገብ ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫ አለ። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት። ቆቃ ግድብም ቅርባችን ነው። መብራት ጠፍቶ በጨለማ ስትቀመጥ፣ ማታ ላይ የነዚያን ማማዎች ቀይ መብራት ማየት ትንሽ ያናድዳል። ነገር ግን ንፋሱ የሚያመነጨው ለአዳማ ብሎ አይደለም። ኃይሉ ወደ ብሔራዊው መስመር ይገባል፣ ከዚያ ይከፋፈላል። መስመሩ ሲወድቅ ደግሞ ተርባይኖቹ ብቻቸውን ከተማ መመገብ አይችሉም። ምታቸውን የሚወስዱት ከመስመሩ ነው፤ እሱ ከሌለ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ስለዚህ የማመንጫ ጎረቤት መሆን ለስልክ ማማዎቻችን የሚጨምረው ነገር የለም።

አሁን ወደ ጄኔሬተሩ እንምጣ። ጄኔሬተር ናፍጣ ይጠጣል። ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ የተደረገው በ2015 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ክልሎች ወጣ። ካሽ ይዞ ማደያ መሄድ ቀረ። በአዘቦት ቀን ጥሩ ነው፣ እኔም ለምጄዋለሁ። አሁን ክፉ ቀን አስቡ። መብራት ጠፋ። ማማው በባትሪ ቆይቶ ወደ ጄኔሬተር ዞረ። ናፍጣ ሊያልቅ ነው። ናፍጣ ለመግዛት ክፍያ መፈጸም አለበት። ክፍያው የሚፈጸመው በስልክ ነው። ስልኩ የሚሠራው ማማው ሲሠራ ነው። ማማው የሚሠራው ናፍጣ ሲኖር ነው።

ይህ ቀልድ ይመስላል። ትልልቅ የቴሌኮም ኦፕሬተሮች የራሳቸው የነዳጅ ክምችትና ውል ሊኖራቸው እንደሚችል አውቃለሁ። ነገር ግን ጄኔሬተር ያለው ኦፕሬተር ብቻ አይደለም። ጤና ጣቢያው አለው፣ ዳቦ ቤቱ አለው፣ የውኃ ፓምፑ አለው። አምቡላንሱም ነዳጅ ይቀዳል። ሁሉም ማደያ ሄዶ “ሲስተም የለም” የሚለውን ቃል ይሰማል። ይህችን ቃል ባንክ ቤት ስንሰማት ኖረናል፣ ስንሰማ ተመልሰን እንሄዳለን። አምቡላንስ ውስጥ ሆኖ መስማት ግን ሌላ ነገር ነው። ቴሌብር ብቻውን ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለው። ያለ ኢንተርኔት በ*127# ይሠራል ይባላል፤ ልክ ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ ግን ይፈልጋል።

ስለዚህ የቴሌኮም አስተማማኝነት የቴሌኮም ጉዳይ ብቻ መሆኑ ካለፈ ቆየ። የነዳጅ ነው፣ የሕክምና ነው፣ የገበያ ነው። ቁጥጥሩ ግን እንደ ድሮው በየቤቱ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ቴሌኮሙን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ነዳጁንና መብራቱን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። አደጋ ሲመጣ የሚጠራው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። ከላይ ያልኩት አዙሪት የሦስቱንም ድንበር ይረግጣል።

ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአገልግሎት ጥራት መመሪያ አለው። የዚህ ዓይነት መመሪያ፣ የትም አገር ቢሆን፣ የሚለካው ተመሳሳይ ነገር ነው። ከመቶ ጥሪ ስንቱ ገባ፣ ስንቱ መሃል ላይ ተቋረጠ፣ ዳታው ምን ያህል ፈጠነ። ይህ ያስፈልጋል። ችግሩ እነዚህ ሁሉ አማካይ መሆናቸው ነው። አማካይ ደግሞ ክፉ ቀንን ይውጠዋል።

ቁጥሩን እንየው። አንድ ኔትወርክ 99 በመቶ ይሠራል ሲባል ጆሮ ደስ ይለዋል። የቀረው አንድ በመቶ በዓመት ሲሰላ 87 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከሦስት ቀን ተኩል ትንሽ በለጥ ይላል ማለት ነው። ይህ ሦስት ቀን ተኩል ዓመቱን ሙሉ በደቂቃ በደቂቃ ቢበተን ማንም አያስተውለውም። በአንድ ላይ፣ ያውም ጎርፍ ወይም መንቀጥቀጥ በመጣበት ሳምንት ቢወድቅ ግን ሰው ይሞታል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም 99 በመቶ ናቸው።

እንደኔ እንደኔ ተቆጣጣሪው መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው። መብራት ሲሄድ እያንዳንዱ ማማ ስንት ሰዓት ይቆያል? የትኛው ማማ ከወደቀ ሌሎች አብረው ይወድቃሉ? ሁለተኛዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ሁሉም ማማ እኩል አይደለም። አንዳንዱ የራሱን ሰፈር ብቻ ያገለግላል። አንዳንዱ ግን የሌሎችን ትራፊክ፣ ማለትም ጥሪና ዳታ፣ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ መገናኛ ነው። እሱ ሲወድቅ ከኋላው ያሉት ባትሪያቸው ሙሉ ሆኖ እንኳ ዲዳ ይሆናሉ።

አሜሪካኖች ይህን ጥያቄ ጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ከአንድ ሺህ በላይ የሞባይል ማማ ጣለባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተቆጣጣሪያቸው ደንብ አወጣ፤ ዋና ዋና ጣቢያዎች የ24 ሰዓት፣ የሞባይል ማማዎች የ8 ሰዓት መጠባበቂያ ኃይል ይኑራቸው አለ። ኦፕሬተሮቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ማማ ላይ ይህን ያህል ባትሪ መስቀል አይቻልም፣ አንዳንዱ ጣሪያ ክብደቱን አይሸከምም፣ ወጪው አይቻልም አሉ። ደንቡ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ ሲመጣ በተጎዱት አካባቢዎች ከአራት ማማ አንዱ ገደማ ወደቀ። ለዓመታት በበጎ ፈቃድ ሲሠራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በአደጋ ጊዜ ኦፕሬተሮች አንዱ የሌላውን ደንበኛ እንዲቀበል ግዴታ ሆነ። ሰዓት ቆጥሮ ማስገደድ ሲያቅታቸው በሌላ በር ገቡ ማለት ነው።

ከዚያ ታሪክ እኔን የሚስበኝ ግን ባትሪው አይደለም። ሪፖርቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ኦፕሬተር ኔትወርኩ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ከጠፋና ጉዳቱ 900,000 የደንበኛ ደቂቃ ከደረሰ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለበት። በሁለት ሰዓት ውስጥ ማስታወቂያ፣ በሦስት ቀን የመጀመሪያ ሪፖርት፣ በ30 ቀን የመጨረሻው። የደንበኛ ደቂቃ ማለት የተጎዳው ሰው ብዛት ሲባዛ በደቂቃው ነው። ወደ አዳማ እናምጣው። ፍራንኮ አካባቢ 5,000 ደንበኛ ለሦስት ሰዓት ኔትወርክ ቢያጣ ልክ 900,000 ይሆናል። 30,000 ሰው ለግማሽ ሰዓት ቢያጣም እንደዚያው። የሚያምረው ነገር፣ ይህ ስሌት ትንሽ ሰፈር ረጅም ጊዜ ሲጨልም እንዳይደበቅ ያደርጋል። አማካይ የሚውጠውን እሱ ይተፋዋል።

የነሱ ሪፖርት ለሕዝብ አይገለጥም። ለጠላት መንገድ ያሳያል ይላሉ። ይህ አይዋጥልኝም። የትኛው ሳጥን የት እንዳለ አይታተም፤ እሺ። “ባለፈው ወር አዳማ ላይ አራት ጊዜ ጠፋ፣ ሦስቱ በመብራት፣ አንዱ በተቆረጠ ፋይበር” ማለት ግን ማንን ይጎዳል? እዚህ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ መጥፋቱን ያውቀዋል። የማያውቀው ምክንያቱን ነው።

ስለ ተቆረጠ ፋይበር፣ ማለትም ኔትወርኩን ስለሚያያይዘው ኬብል፣ ካነሳሁ አይቀር። መንገድ በተቆፈረ ቁጥር ፋይበር አደጋ ላይ ነው፤ የኮሪደር ልማት ያየ ከተማ ሁሉ ይህን ያውቃል። ኤክስካቫተር ፋይበር አይመርጥም። መድኃኒቱ ቀለበት ነው። መስመሩ በአንድ በኩል ሲቆረጥ ትራፊኩ በሌላ በኩል ይዞራል። ቀለበቱ ግን ሁለት እውነተኛ መንገድ ሊኖረው ይገባል። ሁለት ኬብል አንድ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ “መጠባበቂያ አለን” ማለት ያስቃል። ፋይበር ብዙውን ጊዜ መንገድና ሐዲድ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ከአዳማ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድም ሐዲዱም ደግሞ በመተሐራና በአዋሽ ያልፋል። ያ ማለት መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በከረመው አካባቢ ነው።

ሁለት ኦፕሬተር መኖሩስ አይረዳም? ይረዳል። ሳፋሪኮም በ2015 መግቢያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ የአዳማ ሰው ሁለት ሲም ይዟል። አንዱ ሲጠፋ በሌላው ይደውላል። የድሃ ሰው ሮሚንግ እለዋለሁ። ግን ከሥሩ ያለውን እንየው። ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ማማ ይከራያል። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም በከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመሮች ላይ የተዘረጋ ፋይበር ይከራያል። ይህ መጥፎ አይደለም። ድሃ አገር ሁለት ጊዜ ማማ ቢተክል ብር ማቃጠል ነው። ዋጋው ግን አለ። አንድ ማማ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ኦፕሬተሮች አንድ የመብራት መስመር ከተጋሩ፣ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ስልክህ ላይ ሁለት ስም ይታያል፣ ከሥር ያለው ግን አንድ ፊውዝ ነው። ተቆጣጣሪው መሠረተ ልማት መጋራትን ሲያበረታታ፣ የተጋራው ማማ ከሌላው የበለጠ ሰዓት እንዲቆይ ማስገደድ አለበት። ሸክሙ እጥፍ ነውና።

እስካሁን ስለ ማማ አወራሁ። ማማው ደህና ሆኖ የኔትወርኩ ልብ የሚቆምበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022 ካናዳ ውስጥ ሮጀርስ የተባለው ኩባንያ ዋናው ኔትወርኩ ላይ ማሻሻያ ሲያደርግ አንድ ማጣሪያ ተነሳ። ትራፊኩን የሚመሩት ራውተሮች በመረጃ ጎርፍ ተጥለቀለቁ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ለአንድ ቀን ገደማ ያለ አገልግሎት ቀረ። የባንክ ካርድ ክፍያ ቆመ። የአደጋ ጊዜ ጥሪ ለብዙዎች አልሠራም። የሚያስቀው፣ ብልሽቱን የሚጠግኑት መሐንዲሶች ራሳቸው የኩባንያውን ስልክ ነበር የሚጠቀሙት። መገናኘት አቃታቸው። በኋላ ለሠራተኞቹ የተፎካካሪ ሲም ተሰጣቸው። ከዚያ ሁሉ ቴክኖሎጂ መሃል መፍትሔው ሲም ካርድ ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር ላይ አውስትራሊያ ተመሳሳይ ነገር ደረሰባት። ኦፕተስ የተባለው ኩባንያ ወደቀ፤ 10 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተጎዳ። ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች የአደጋ ጊዜ ቁጥር ደውለው አላገኙም። ለምን? የሞባይል ሥርዓት የተሠራው ስልክህ የራሱን ኔትወርክ ሲያጣ የአደጋ ጥሪን በማንኛውም ኔትወርክ እንዲያሳልፍ ተደርጎ ነው። ያን ቀን ግን ብዙ ማማ ሲግናል መልቀቁን አላቆመም። ልቡ ሞቷል፣ ፊቱ ይስቃል። ስልኩ “ኔትወርክማ አለኝ” ብሎ ወደ ሌላው አልዘለለም። ስለዚህ ልቡ የሞተ ማማ ድምፁን እንዲያጠፋ ማድረግ ከትልልቆቹ ትምህርቶች አንዱ ሆነ።

ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። አንድ ስልክ ጥሪው የአደጋ መሆኑን እንዴት ያውቃል? 112ና 911 በተፈጥሮው ያውቃል። ሲም ባይኖረው እንኳ ይሞክራቸዋል። 907ስ? ቀይ መስቀልን በዚህ ቁጥር ነው የምንጠራው። ሲሙ ወይም ኔትወርኩ “ይህ የአደጋ ቁጥር ነው” ብሎ ካልነገረው፣ ለስልኩ 907 እንደማንኛውም ቁጥር ነው። የራሱ ኔትወርክ ከሌለ በሌላው በኩል አይዘልም። አዲስ አበባ ውስጥ እሳት 939፣ ፖሊስ 991 እያልን አድገናል። እነዚህን ቁጥሮች በየሲሙ የአደጋ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት፣ 112ን ወደ እነሱ ማዞር፣ ከዚያም በተግባር መሞከር፣ ለተቆጣጣሪ አካል ውድ ሥራ አይደለም። ባትሪ መግዛት አይጠይቅም። ከሁሉም በፊት መሠራት ያለበት ይህ ይመስለኛል።

ሌላው ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ጥሪ ነው፤ ከመንግሥት ወደ ሕዝብ። ለአንድ አካባቢ ሰው ሁሉ በአንዴ ማስጠንቀቂያ የሚልክ ዘዴ አለ። ማማው እንደ ሬዲዮ ያሰራጫል፣ አካባቢው ያለ ስልክ ሁሉ ይቀበላል። ቁጥር መመዝገብ የለም፣ ወረፋ የለም፣ መስመሩ ቢጨናነቅም ያልፋል። በጅምላ ከሚላከው ኤስኤምኤስ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እስከ 2027 እ.ኤ.አ. የዓለም ሕዝብ ሁሉ ቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲያገኝ የተባበሩት መንግሥታት በያዘው ዕቅድ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ 30 አገሮች አንዷ ናት።

ስልክ ሁሉን ያድናል አልልም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ መሬት ሲንሸራተት ከ200 በላይ ሰው አለቀ። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ላይ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። “አትቅረቡ” የሚል መልእክት ቢደርሳቸው ይመለሱ ነበር ወይ? ጎረቤትህ አፈር ሥር እያለ ስልክ የሚያይ ማን ነው? አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ላይ በመንቀጥቀጡ ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀዬአቸው ሲነሱ ግን ነገሩ የሳምንታት ነበር። የከሰም ግድብም ያሳስብ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ወሬ ከመንቀጥቀጡ በላይ ያንቀጠቅጣል። ስንት ጊዜ ነው “ዛሬ ሌሊት በሰባት ሰዓት ትልቁ ይመጣል” የሚል የቴሌግራም መልእክት የደረሰን? ማንም ሰዓት ቆርጦ ሊተነብየው አይችልም። ግን ከመንግሥት በኩል ታማኝ ድምፅ በስልካችን ካልመጣ ሰው ያገኘውን ያምናል።

መልእክቱ በምን ቋንቋ ይምጣ የሚለውም ቀላል አይደለም። አዳማ ቢያንስ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መሆን አለበት። ርካሽ ስልኮች ላይ ደግሞ የግዕዝ ፊደል ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሲወጣ አይተናል። ማስጠንቀቂያው ሳጥን ሆኖ ከመጣ ምን ዋጋ አለው? ከመንደፉ በፊት ገበያ ወርዶ በጣም ርካሹን ስልክ ገዝቶ መሞከር ነው። ከዚያ ውጭ ሬዲዮና የቀበሌ ድምፅ ማጉያ አሁንም ጡረታ የሚወጡ አይደሉም።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። ሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ነበር። ያ በባትሪ ወይም በፋይበር የመጣ አልነበረም። የጸጥታው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይ። ከአስተማማኝነት አንፃር ግን ያልታቀደውን ብልሽት እየቆጠሩ የታዘዘውን መዝጋት አለመቁጠር ሂሳቡን ያዛባዋል። ለዚያ ሰውዬ፣ በዚያ ሰዓት አምቡላንስ ለፈለገው፣ ምክንያቱ ለውጥ የለውም። ቢያንስ በዓመቱ ሪፖርት ውስጥ ለብቻው ዓምድ ይሰጠው።

ወጪውስ? ባትሪ በዶላር ነው የሚመጣው። ብሩ በ2016 መጨረሻ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሁሉም የውጭ ዕቃ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሁሉም ማማ የ8 ሰዓት ባትሪ ይኑረው ብሎ ደንብ ማውጣት የአሜሪካኖቹን ስህተት መድገም ነው። ይከበራል ተብሎ አይጠበቅም፣ ከተከበረም በካርዳችን ላይ ይመጣል። ደረጃ ማውጣት ይሻላል። ለሌሎች የሚያስተላልፉት መገናኛ ማማዎች፣ ሆስፒታሉ፣ መናኸሪያው፣ ማደያዎች የበዙበት መንገድ፣ የከተማው የአደጋ ጥሪ የሚቀበልበት ቢሮ ረዥም ሰዓት ይቁሙ። የቀሩት አጭር። ማደያዎችም ክፉ ቀን ሲታወጅ በደረሰኝ ካሽ እንዲቀበሉ ቀድሞ ይፈቀድላቸው። ያ አዙሪት የሚቆረጠው እዚያ ላይ ነው፤ ባትሪ ከመግዛትም ይረክሳል።

ከጃፓኖች ደግሞ አንድ ነገር ብንወስድ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሱናሚው ሲመታቸው 29,000 ገደማ ማማ ቆመባቸው። ከዚያ በኋላ ዶኮሞ የተባለው ኩባንያ ወደ መቶ ገደማ ልዩ ጣቢያ ሠራ። በአዘቦት ቀን ዝም ይላሉ። በአደጋ ጊዜ ይበራሉ፤ እያንዳንዳቸው እስከ 7 ኪሎ ሜትር ዙሪያቸውን ይሸፍናሉ። ፍጥነት የላቸውም፣ ጥሪ ያሳልፋሉ። አዳማ ደግሞ በኮረብታ የተከበበች፣ ሳህን ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከተማዋን ከላይ የሚያይ አንድ ኮረብታ፣ አንድ ጥሩ ጄኔሬተር፣ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ናፍጣ። ስንት ሺህ ባትሪ ከመግዛት ይህን ቢያሰሉት ምን ነበረበት?

ከሁሉ በፊት ግን ልኬቱ። አንድ እሑድ ጠዋት ሰው ቀድሞ ተነግሮት፣ ተቆጣጣሪውና ኦፕሬተሮቹ ተስማምተው፣ የተመረጡ ማማዎችን ከመብራት ነቅለው ሰዓት ይዘው ቢቆሙ ያለውን ነገር ያውቁታል። ወረቀት ላይ ያለው የባትሪ ሰዓትና ሳጥኑ ውስጥ ያለው አንድ ላይሆን ይችላል። እኛ ሰፈር ያለው ማማ ዘበኛ አለው፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው። ባለፈው መብራት ሲጠፋ “ጋሼ፣ ይሄ ነገር ስንት ሰዓት ይቆያል?” አልኳቸው። ሰዓታቸውን አዩ። “ዘንድሮ እስከ ሦስት ሰዓት ነው” አሉኝ። “አምና እስከ አምስት ይሄድ ነበር።”